ታዛዥ ላልነበሩት መምህርታችን

የግብርና ማሰልጠኛ ማዕከሉ የመምህራንና የሠራተኞች ጉባኤ፣ ገበሬን ማማከር በሚያስተምረው በኤክስቴንሽን ትምህርት ክፍል ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት፣ ሰልጣኞቻቸውም «እትዬ እምቢ» እያሉ የሚጠሯቸው ባልደረባችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። መርዶውን ለሠራተኞቻችን፣ ለቀድሞ ምሩቃኖቻችን፣ እንዲሁም ምክራቸውን ለተቀበሉትም ሆነ ፊት ለፊት ለተቃወሟቸው ገበሬዎች በሙሉ በራሳችን ቃል ማድረስ ግድ ሆኖብናል።

በራሳችን ቃል የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የበላይ መሥሪያ ቤታችን የሆነው መምሪያ የራሱን የሐዘን መግለጫ አዘጋጅቶ፣ እኛ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፍ በቀር ሌላ ነገር እንዳናደርግ አዝዞን ነበር። መግለጫው ሦስት መስመር ነው። በመጀመሪያው መስመር የሟቿ የሥራ መደብ ተሳስቷል። በመጨረሻው መስመር የመምሪያው ኃላፊ ማዕረግ ከሟቿ ማዕረግ በሰፋ ፊደል ተጽፏል። በመካከለኛው ደግሞ «ታዛዥና ትጉህ ሠራተኛ ነበሩ» ይላል። ትጉህስ ነበሩ፤ ጠላታቸውም አይክደውም። ታዛዥ ግን! ይህን ቃል የጻፈ ሰው ወይ አንድ ቀን አግኝቷቸው አያውቅም፣ ወይ ዓይኑን በጨው አጥቧል። ጉባኤያችን ጉዳዩን መርምሮ ሁለቱም ነው የሚል አቋም ይዟል። ስለዚህ አልለጠፍነውም፤ በሰሌዳው ላይ ዛሬም ያለው የመጸዳጃ ቤቱ ውሃ ስለ መቋረጡ የወጣው ያምናው ማስታወቂያ ነው።

ሌላም አለ። መምሪያው በመግለጫው ያልነካው፣ እኛ ግን ሳንናገረው ብናልፍ ሟቿ ከመቃብር ተነስተው የሚወቅሱን ጉዳይ የመጨረሻዎቹ ሰልጣኞቻቸው ጉዳይ ነው። እነዚህ ወጣቶች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሳለ የምስክር ወረቀት ተነፍገዋል። ያለ ምስክር ወረቀት ምደባ የለም። ያለ ምደባ ደግሞ የእነሱ ልፋት ብቻ ሳይሆን መምህርታችን ያወረሷቸው ሙያም ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህ መግለጫ ስለ ሟቿ ሲናገር ስለ እነሱም እየተናገረ መሆኑ እንዲታወቅልን እንወዳለን።

በተቀጠሩበት ዓመት። መምህርታችን ወደ ማዕከላችን የመጡት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ እንደ ማንኛውም አዲስ ሰው ሁሉን አውቃለሁ ብለው ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸውም በዙሪያችን ያለውን ዋልካ አፈር የሚያርሱ ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ከፍ ያለ መደብና የውሃ ማፋሰሻ ቦይ እንዲያወጡ ማስተማር ሆነ። ዋልካ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ ውሃውን ይዞ ይተኛል፣ በላዩ የተዘራው ስንዴም ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ትምህርቱ ትክክል ነበር። ገበሬዎቹም ፀሐይ ላይ ቆመው አዳመጡና በአንድ ድምፅ «እሺ» አሉ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ዝናቡ ሲገባ ቦት ጫማቸውን አድርገው ሊጎበኙ ቢሄዱ ማሳው ሁሉ ኩሬ ነው፤ ቦይ የሚባል ለመድኃኒት እንኳ የለም። «እሺ ብላችሁኝ አልነበረም ወይ?» ብለው ቢጠይቁ አንድ አዛውንት «እሺማ ብለናል። ያን ያህል ሲለፉ ውለው ምን እንበልዎ ታዲያ?» አሏቸው።

መምህርታችን ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ በራሳቸው ይስቁ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ገበሬው ግትር ነው» ብሎ ሪፖርት ጽፎ ይገላገል ነበር፤ በመምሪያው እንዲህ የሚል ሰው ሞልቶ ተርፏል። እሳቸው ግን ጥፋቱን በገበሬው ምላስ ላይ ሳይሆን በራሳቸው ጆሮ ላይ አገኙት።

በቀጣዮቹ ዓመታት። ያስተማሩት ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ «የምክር አገልግሎት ዘዴ» ይባላል፤ ሰልጣኞች «የእሺ ትምህርት» ይሉታል። በዚህ ትምህርት እሺ ብዙ ዓይነት ነው። እንግዳ ላለማስቀየም የሚባል እሺ አለ። ሂድልኝ ለማለት የሚባል አለ። «እሺ፣ እናያለን» አለ፤ ይህኛው መቼም የማይታይ ነው። «እሺ ጌታዬ» አለ፤ ይህ ደግሞ ጌታዬ የተባለው ሰው መኪናው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብቻ ይሠራል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ዓይንን ወደ በሬው አዙሮ የሚባል ከአንገት በላይ የሆነ እሺም አለ፤ መምህርታችን ይህን አድርገው ሲያሳዩ ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ለሰልጣኞቻቸው የሚነግሩት እንዲህ ነው፦ «እሺ ያለህ ሰው ሸኝቶሃል። እምቢ ያለህ ሰው ግን ምክንያቱን ሊነግርህ ነው፤ ወንበር ፈልግና ተቀመጥ።» ከመስክ ልምምድ እሺ ብቻ ይዞ የመጣ ሰልጣኝ ውጤት አይሰጠውም። እምቢ ከነምክንያቱ ፈልጎ እንዲመጣ በዚያው እግሩ ይመለሳል።

እምቢ ማግኘት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰው እምቢ የሚለው ለሚያምነው ሰው ነው። አንድን ገበሬ እምቢ ለማስባል ሄዶ ሰላምታ ማቅረብ፣ ተመልሶ መሄድ፣ ስለ ታመመችው ጊደር መጠየቅ፣ አጥር ሲያጥር ካስማ መያዝ ያስፈልጋል። መምሪያው ይህን አልተረዳም፤ አይረዳምም። ለመረዳት አንድ ጊዜ እንኳ በገበሬ ፊት አፍን ዘግቶ መቀመጥን ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ በመምሪያው የሥራ ድርሻ ውስጥ የለም።

በጎርፉ ዓመት። መምሪያው እያንዳንዱ ገበሬ በየማሳው ቦይ እንዲቆፍር ዘመቻ አወጀ። መምህርታችን ሰልጣኞቻቸውን ይዘው በማዕከሉ አጠገብ ካለው ተዳፋት ራስ እስከ ግርጌው ቤት ለቤት ወረዱ። ላይኞቹ ሁሉ እሺ አሉ። ከግርጌ ያለውን ማሳ የሚያርሱት፣ ጎረቤቶቻቸው «ባለታችኛዋ» የሚሏቸው ሴት ብቻ ገና ከበር ላይ «እምቢ! ወዲያ ሂዱልኝ!» ብለው ጮኹ። ሰልጣኞቹ ሊሸሹ ዞር ሲሉ እትዬ እምቢ እዚያው ደጅ ባለው ግንድ ላይ ቁጭ አሉና «ተቀመጡ፤ ትምህርት ተጀመረ» አሏቸው። ባለታችኛዋም ሽንጣቸውን ገትረው ተነሱባቸው። «እነዚያ ውሃቸውን ሲያፋስሱ የት የሚሄድ መሰላችሁ? እኔ ላይ ነዋ! ለእነሱ ማሳ መድኃኒት፣ ለእኔ መቅሰፍት! ይህን ሳታዩ ነው መምህር የተባላችሁት?» አሉ።

ነገሩ ያኔ ወለል ብሎ ታየ። ላይኞቹም ያውቁት ኖሯል። ቦይ የቆፈረ ሁሉ ጎረቤቱን አጥለቅልቆ ጠብና ክስ ሊገዛ ነው፤ ስለዚህ እሺ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። የመምሪያው ምክር ማሳ በማሳ የተመተረ ነበር፤ ውሃ ደግሞ የማሳ ወሰን አያውቅም። መፍትሔው ወሰን ለወሰን የሚሄድ፣ አፉ ላይ ድንጋይ ተደርድሮበት ወደ ገደሉ የሚወርድ አንድ የጋራ ቦይ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ለመስማማት ከአንድ ክረምት በላይ ጭቅጭቅ ፈጅቷል። ማን መሬቱን ይቀንሳል፣ ማን ድንጋይ ያመጣል፣ ደለሉን ማን ይጠርጋል እየተባለ ስንት ስብሰባ ተበተነ። መምህርታችን ከአንዱም አልቀሩም።

ባለታችኛዋም በሁሉም ነገር ልክ አልነበሩም፤ ይህን ብንደብቅ ሟቿ አይወዱልንም። «ዋልካ በክረምት ስንዴ አያበቅልም፤ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራ ነው የሚዘራበት፤ እናቴም እንዲሁ ስታደርግ ነው የኖረችው» ብለው እስከ መጨረሻው ተሟግተዋል። እትዬ እምቢም አልለቀቋቸውም። ቦዩ ባለቀበት ክረምት ባለታችኛዋ በማሳቸው ጥግ አንድ መደብ አውጥተው፣ «ይኸው ለአፍሽ መዝጊያ» ብለው ስንዴ ዘሩ። ስንዴው ወገብ ደረሰ። በዓመቱ ሙሉ ማሳቸውን በመደብ አወጡት፤ ላይኞቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። በማዕከላችን ዕድሜ ያለ ትእዛዝና ያለ ዘመቻ ሥር የሰደደ የተሻሻለ አሠራር ይህ አንዱ ነው፤ የተገኘውም ከአንዲት ሴት እምቢታ ነው።

በጉብኝቱ ዓመት። የመምሪያውን ኃላፊ ሰልጣኞች «አቶ መቶ በመቶ» ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣነው እኛ አይደለንም፤ አልከለከልንምም። ክቡር ኃላፊው በሪፖርታቸው የአካባቢው ገበሬዎች የተሻሻሉ አሠራሮችን መቶ በመቶ እንደ ተቀበሉ ሲጽፉ ኖረዋል። ማስረጃቸው አጭር ነው፦ ተጠየቁ፣ እሺ አሉ። በዚህ ሪፖርት የተደነቁ እንግዶች ተአምሩን በዓይናቸው ለማየት መጡ። መምህርታችን ወደ ተዳፋቱ እንዲወስዷቸው ሐሳብ ቢያቀርቡም ኃላፊው በጭራሽ አሉ፤ እዚያ ያለው ሥራ በእሳቸው ዘመቻ ያልተሠራ ነዋ። በወንዙ ማዶ ወዳለው፣ መቶ በመቶ ወደተባለው መንደር ወሰዷቸው።

መኪኖቹ ገና ከመንገድ ሲወጡ ዋልካው ውስጥ ተዘፈቁ። ኃላፊው ለዕለቱ የገዙት ቦት ጫማ የዋጋ ወረቀቱ ገና አልተላጠም ነበር፤ እሱን አድርገው ወረዱ። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ውሃ ተኝቶበታል። ገበሬዎቹ መጥተው መኪኖቹን ገፍተው አወጡና ጭቃቸውን እየጠረጉ ቆሙ። እንግዶቹ ማሳውን አዩ፤ ኃላፊውን አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አቶ መቶ በመቶ ግን ምን ሲደረግ! ወደ ገበሬዎቹ ዞረው «ቦዩን ትቆፍራላችሁ አይደል?» አሉ። «እሺ!» አሉ ሁሉም። ኃላፊው ደረታቸውን ነፍተው «ይኸው በጆሯችሁ ሰማችሁ» አሏቸው እንግዶቹን። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ነገሩ ግራ ገብቶት፣ ከኋላ ወደ ቆሙት መምህርታችን ዞሮ «እንዴት ነው?» ቢላቸው «እምቢ ማለታቸው ነው» ብለው መለሱ። የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው።

ከጉብኝቱ በኋላ። መምህርታችን «ሰልጣኞችን እምቢተኝነት ያስተምራሉ» በሚል ምክንያት ከመማሪያ ክፍል ተነስተው ወደ ዘር መጋዘን ተዛወሩ። ሁለተኛ ዲግሪ ያላትን መምህርት ጆንያ ጠባቂ ያደረገ መሥሪያ ቤት ስለ ሰው ኃይል አጠቃቀም በየሦስት ወሩ ስብሰባ ይጠራናል፤ እንግዲህ እኛ እዚያ ቁጭ ብለን እንሰማለን። እሳቸው ግን አንጀታቸው ቢቆስልም አፋቸው አልተዘጋም። በመጋዘኑና በትራክተሩ መጠለያ መካከል ባለው ጓሮ፣ ቆርቆሮው እያንጠባጠበ፣ ሰልጣኞች በምሳ ሰዓት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። መምሪያው የመጋዘኑን ዘበኛ ትምህርቱን እንዲያስቆም አዘዘው። ዘበኛው እሺ አለ።

ሕመማቸው ሲጠና የማዕከላችን ሾፌር የሆኑት ባለቤታቸው በሚነዱት መኪና ወደ ሕክምና ያመላልሷቸው ነበር። በእነዚያ መንገዶች ላይም ሰልጣኞች አብረው እየተሳፈሩ ይጠይቋቸው፣ ይከራከሯቸው ነበር። ባለቤታቸው «እረፊ» ሲሏቸው መልሳቸው የታወቀ ነው። ሾፌራችን ከቀብሩ በኋላ እንባቸውን እየጠረጉ ያሉትን እዚህ ብናሰፍር አይቀየሙንም፦ «ላግባሽ ስላት እምቢ ነው ያለችኝ። እሺ ብላኝ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቆርጬ እሄድ ነበር።»

የቀብራቸው ዕለት። የሰልጣኞቹ የመጨረሻ ፈተና በዚያው ዕለት ተይዞ ነበር። ፈተናው እንዲተላለፍ ጉባኤያችን በቃልም በጽሑፍም ለመነ። ክቡር ኃላፊው «ሞት ፕሮግራም የለውም፤ ፈተና ግን ፕሮግራም አለው» የሚል መልስ ሰጡ። ይህን አባባል ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስለናል፤ በጣም ተደስተውበታል። ሰልጣኞቹ አንድም ሳይቀሩ ቀብር ዋሉ። ሬሳውን ተራ በተራ ተሸከሙ፤ ዝናብ ስለነበር ጉድጓዱ እንዳይሞላ ከገበሬዎቹ ጋር ቦይ አወጡ። ኃላፊው በባዶ አዳራሽ ውስጥ ስም ጠርተው ሁሉንም ዜሮ ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ ሰው መሰሉ። «ለሰብዓዊነት ሲባል» ዳግም ፈተና ፈቀዱ፤ የፈተናውን ደንብም ራሳቸው አወጡ። ሰልጣኙ በየመንደሩ ዞሮ አሠራሩን ያስረዳል፣ እሺ ያሉትን ገበሬዎች ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ውጤቱ ይሆናል። የክፍሉ አለቃ የሆነችው ሰልጣኝ እጇን አውጥታ «እምቢ ያሉንስ የት ይመዝገቡ?» ብላ ጠየቀች። ኃላፊው «እምቢ የሚባል ነገር በቅጹ ላይ የለም፤ የሌለ ነገር አትፍጠሪ» አሏት። እንዲህ ያለ ሰው ነው የኤክስቴንሽን ትምህርትን የሚመራው፤ ጉድ በሉ!

እሺ መሰብሰብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህን ከሰልጣኞቹ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛም መምህራን ብቻቸውን ጠርተን «ልጆች፣ ግድ የላችሁም፤ ጥቂት እሺ አስብላችሁ ወረቀታችሁን ያዙ። ወላጆቻችሁ እጃችሁን እያዩ ነው» ብለን መከርናቸው። አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡንና «እሺ» አሉን። አመንናቸው። እዚህ ማዕከል ፀጉራችን ሸብቶ፣ የእሺ ትምህርት በአጠገባችን ሲሰጥ ኖሮ፣ አመንናቸው!

ሰልጣኞቹ የተመለሱት አንድም እሺ ሳይዙ ነው። ይዘው የመጡት ሌላ ነው። አንዱ ገበሬ ቦይ መቆፈሪያው ጊዜ አረም ከሚታረምበት ጋር ስለሚገጥምበት ሰው የለኝም ብሏል። አንዷ በሬዋ አንድ ብቻ ስለሆነ መደብ ማውጫውን መሣሪያ የሚጎትትላት አጥታለች። አንዱ ደግሞ አጎቱ ከላይ ያለውን ማሳ ያርሳል፤ አጎቴን ፊት ለፊት ልከራከረው አልችልም፣ እናንተ አናግሩልኝ ብሏል። በወንዙ ማዶ ባለው መቶ በመቶ መንደር አንድ አባወራ እንግዶቹ በመጡ ጊዜ መኪና ሲገፋ ወገቡ መቀጨቱን፣ ከዚያ ወዲህ የመምሪያውን ሰው ሲያይ ጓሮ እንደሚገባ ተናግሯል። ይህ ሁሉ ለአንድ የልማት ሠራተኛ ዓመት ሙሉ የሚበቃ ሥራ ነው። ኃላፊው ግን ቁጥር ፈለጉ፤ ቁጥር አጡ፤ ሁሉንም ጣሏቸው። ሰልጣኞቹ ያለቀሱት ተደብቀው ነው። የክፍል አለቃዋ እናት ልጄ ሥራ ይዛ ታሳርፈኛለች ብለው ሲጠብቁ ከርመው፣ መውደቋን ሲሰሙ ማዕከሉ በር ድረስ መጥተው «ምን አጠፋች?» ብለው ጠየቁን።

ትናንት። መልሱን ያመጡት ሌሎች ናቸው። ባለታችኛዋ የተዳፋቱን ገበሬዎችና ከወንዝ ማዶ የመጡትን ይዘው ወደ መምሪያው ሄዱ። በመምሪያው ኮሪደር ውስጥ አንድ እግሩ የጎደለ አግዳሚ ወንበር፣ የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ማሽንና «ተራዎን በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጭቃ በጫማቸው ይዘው እዚያ ተሰለፉ። ኃላፊው ጩኸቱን ሰምተው ከቢሯቸው ሲወጡ ባለታችኛዋ ያሉት ይህ ነው፦ «የወደቁትን ላኩልን። ያለፉትን አይተናቸዋል።»

አቶ መቶ በመቶ ሕዝቡን አዩ፤ በሩን አዩ። «እሺ፣ እሺ፣ ጉዳዩ ይታያል፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ባለታችኛዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና «እሺ ካሉንማ ገና ነን ማለት ነው። እምቢ እስኪሉን እንጠብቃለን፤ ያኔ እንነጋገራለን» አሏቸው። የቀሩትም ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ኃላፊው ወደ ቢሯቸው ገብተው በሩን ቆልፈዋል። ይህ መግለጫ እስከ ተጻፈበት ሰዓት ድረስ እምቢ ለማለት ወኔ አላገኙም።

በመሆኑም ጉባኤያችን ለመምህርታችን ባለቤት ለሾፌራችን፣ በአፍ ማንም ለማይደርስባት ልጃቸው፣ እሳቸውን ለቀበሩት ወላጅ እናታቸው፣ በጓሮ ለተማሩት ሰልጣኞች፣ እንዲሁም እምቢ ብለው ላስተማሯቸው ገበሬዎች መጽናናትን ይመኛል። ለመምሪያው የምንለው የለንም፤ ያዘነ ሰው እዚያ ስላልታየ ማንን እናጽናና?

የሐዘኑ ድንኳን ተነስቷል። ከእንግዲህ ሊያጽናኑን የሚመጡ ወዳጆች በመምህርታችን መኖሪያ ቤትም ሆነ በማዕከሉ አያገኙንም። መምህራኑ፣ ሠራተኞቹ፣ ሾፌራችንና የወደቁት ሰልጣኞች በሙሉ መምሪያው ኮሪደር ላይ ተቀምጠናል። ወንበር ስለሌለ የምትቀመጡበትን ይዛችሁ ኑ።

የማሰልጠኛ ማዕከሉ የመምህራንና የሠራተኞች ጉባኤ